አማቴ የመኪና ቤት ሲያሠሩ

ትናንት ጎረቤቴ አጥሯን በአዲስ ቆርቆሮ ስታሳጥር ዋለች። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያርፍበት ሽታው በመስኮቴ ገባ። ቆርቆሮ ምን ሽታ አለው ትሉኝ ይሆናል። አለው እንጂ። ዝናብ ያልነካው፣ ሚስማር ገና የገባበት ቆርቆሮ ምላስ ላይ የሚቀር ቀዝቃዛ ሽታ አለው። እሱን ስስብ ጎባ ነበርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አማቶቼ ግቢ፣ የጎመን መደቡ ዳር ቆሜ ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ባለቤቴ ሮቤ ያስተምር ስለነበር ቅዳሜን ጠብቆ ነበር የሚመጣው። እኔ ከአባቱና ከእናቱ ጋር እኖር ነበር። አባቱ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፤ ቃልም ዕቃም የማያባክኑ ሰው። ወደ ሌላ አገር ከተዛወረ ሹም የገዟት አንዲት ትንሽ አመድማ ፊያት ነበረቻቸው። የምታድረው ደጅ፣ ኮሶው ዛፍ ሥር ነበር።

ከዚያ በፊት በነበረው ኅዳር፣ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ሳለሁ፣ ጎህ ሲቀድ ሆዴን ያመኝ ጀመር። ግቢው በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር። አማቴ፣ አባትየው፣ ፊያቷን ቢያስነሷት ቢያስነሷት እምቢ አለች። የፈላ ውሃ መጣ፤ ጎረቤት ተጠርቶ ተገፋች፤ አልሆነም። በመጨረሻ በቃሬዛ ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሱኝ። ስንደርስ ግን የሚተርፍ ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ስለዚያ ጠዋት አንድም ሰው ተናግሮ አያውቅም።

በዓመቱ፣ በጥቅምት፣ ከሻሸመኔ በጭነት መኪና ቆርቆሮ መጣ።

«ጋራዥ ላሠራ ነው» አሉ አማቴ። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም፤ እኛም አልጠየቅንም።

ሠሪው ጢማቸውን ሂና የተቀቡ የከተማው ሰው ነበሩ፤ አማርኛቸውን በኦሮምኛ እያዋዙ የሚናገሩ ሽማግሌ። አራት ካስማ ተክለው ገመድ ወጠሩ። ከሲናና እርሻዎች በኩል የሚመጣው ነፋስ የደረሰ ገብስ ይሸታል። የደመና ጥላ በግቢው ላይ ቀስ ብሎ ያልፋል፤ ቆርቆሮው አንዴ ይጠቁራል፣ አንዴ ዓይን ያጠፋል።

«ትንሽ ሰፋ ይበል፣ ጌታዬ» አሉ ሠሪው።

«ባዶ ቦታ ምን ይሠራልኛል? ልክ መኪናዋን ያህል ይሁን።»

እናትየዋ ከማድ ቤቱ በር ሆነው «ጎመኔን እንዳትነኩብኝ ብቻ!» አሉ።

ልኩን ለማየት ፊያቷን ገፍተን ገመዱ መሃል አስገባናት። አማቴ መሪው ላይ ተቀመጡና ጠሩኝ። «ነይ አንቺም ግቢ። ሁለት ሰው ሲወርድ እንየው።»

ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ገና ባልተሠራ ቤት ውስጥ፣ ግድግዳው ገመድ፣ ጣሪያው ሰማይ፣ ሁለታችንም ወደ ፊት እያየን ቆየን። ያ ቅጽበት ዛሬም ይመጣብኛል፤ ሞቃት ነበር፤ አንዲት ንብ መስተዋቱ ላይ ትሄድ ነበር።

አማቴ በሩን ከፈቱ። በሩ ገመዱ ጋ ቆመ። በጎን ሾልከው ሲወጡ ጋቢያቸው ካስማው ላይ ተያዘ። አላቀቁትና «ይበቃል» አሉ።

«ሂን ገኡ» አሉ ሠሪው ለራሳቸው፤ አይበቃም ማለታቸው ነበር።

«አንቺስ?» አሉኝ አማቴ።

የእኔም በር ገመዱ ጋ ቆመ። በዚያ ክፍተት መውጣት እችል ነበር፤ ቀጭን ነበርኩ። ግን ሦስት ወሬ ነበር። ለማንም አልነገርኩም፤ ለባለቤቴ እንኳ። ከአፌ ከወጣ እንደ በፊተኛው የሚሄድብኝ ይመስለኝ ነበር።

«አይበቃኝም፣ አባባ» አልኩ።

«እንዴት ሆኖ? ከእኔ ትቀጥኚ የለም እንዴ?»

«አሁን ነው እንጂ… ሚያዝያ ላይ አልቀጥንም።»

 ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። የጫማቸውን ድምፅ ብቻ ሰማሁ። መኪናዋን ዞረው መጡ፤ ጎንበስ ብለው ካስማውን በገዛ እጃቸው ነቀሉ፤ አንድ እርምጃ ወደ ጎመኑ ገብተው ተከሉት። ቆም ብለው አዩኝ። መልሰው ነቀሉትና ሌላ እርምጃ ጨመሩ።

እናትየዋ ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅኩ። ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው መጡና ተንበረከኩ፤ ያን የሚሳሱለትን ጎመን ከነሥሩ ይነቅሉ ጀመር።

«ወደዚህም አምጡት» አሉ፤ «እዚህም ቦታ አለ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሠሪው። «ያ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እንግዲህ ቀስ ብለሽ ውረጂ።»

ቅዳሜ ባለቤቴ መጥቶ ቋሚዎቹን ሲያይ ሳቀ። «ለአንዲት ፊያት ነው ይህ ሁሉ? የጭነት መኪና ሊገዙ ነው እንዴ?»

«ሚስትህን ጠይቃት» አሉ አባቱ፤ ገብተው በሩን ዘጉ።

ሚያዝያ ላይ፣ ጉም ግቢውን በሸፈነበት ማለዳ፣ ፊያቷ በመጀመሪያው ተነሣች። ሴት ልጅ ወለድኩ። አማቴ እስኪረፍድ ሐኪም ቤቱ አጥር ሥር ቆመው ነበር አሉ። ክርስትና እስክትነሣ አልጠበቁም፤ እንዳዩዋት አንድ የቤት ስም አወጡላት። ሴት አያቷ፣ አባቷ፣ ጎረቤቱ ሁሉ በዚያው ጠራት። አማቴ ሁለተኛ ዓመቷን ሳትይዝ ዐረፉ፤ መልካቸውን አታስታውሰውም።

በዚያ ስም የሚጠሯት አንድ በአንድ አለፉ። አሁን እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። እሑድ እሑድ ስትደውል መጀመሪያ በዚያ ስም ነው የምጠራት፤ እሷም፣ የልጅ ልጅ ያየችው ሴት፣ እንደ ሕፃን «አቤት» ትለኛለች።