አገርን በሙሉ ስሟ የጻፉ፣ በአጭር ስሟ የለመኑ

በሸዋ ሮቢት ፍርድ ቤት ደጃፍ፣ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ዕድሜያቸውን በሙሉ ማመልከቻ ሲጽፉልን የኖሩት ጋሼ እንድሪስ ይማም ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ወደ አኼራ ሄደዋል። ከጣርማ በር በታች በቆላው ሁሉ ያላችሁ ወዳጆቻቸው፣ ዜናው ያልደረሳችሁ ካላችሁ በዚህ ጽሑፍ ይድረሳችሁ። እኔ ከጎናቸው ተቀምጬ ሙያውን የተማርኩ፣ ዛሬም እዚያው ደጃፍ ኮምፒውተር ጽሕፈት የምሠራ የቀወት ልጅ ነኝ።

ጋሼ እንድሪስን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ልማዳቸውን ያውቃል። ጉዳዩ የጠፋች ላምም ይሁን የድንበር ክርክር፣ ከወረቀቱ ራስጌ «የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» ብለው ሳይጽፉ ወደ ነገሩ አይገቡም ነበር። በጃንሆይ ጊዜ የነበረውን ሙሉ ስም ጽፈዋል፤ በደርግ ጊዜ ሲለዋወጥ የነበረውንም ጽፈዋል። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ጣታቸው የለመደውን አሮጌ ስም በጽሕፈት መኪናው ላይ ይመታና ወረቀቱን ቀደው እንደገና ይጀምሩ ነበር። «ቤቷ ያችው ናት፤ የሚለዋወጠው በሩ ላይ የሚጻፈው ነው» ይሉ ነበር እየሳቁ። በጨዋታቸው መሐል ግን «ኢትዮጵያ» ወይም «አገር» ከማለት አያልፉም።

ባለጉዳዮች ይቀልዱባቸው ነበር። አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ «ጋሼ እንድሪስ፣ የሷን ስም አሳጥረው የኔን ጉዳይ ቢያስረዝሙልኝ ምን ነበረበት?» ብትላቸው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው «እትዬ፣ ዳኛው ፊት ሲቀርቡ ነጠላዎን አጣፍተው አይደል? እሷንም አጣፍቼ ላቅርባት እንጂ» አሏት። ሴትዮዋ እየሳቀች ነጠላዋን አስተካከለች።

አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ ተፈናቅለው የመጡትን ሰዎች አቤቱታ ከማንም ምንም ሳይቀበሉ ሲጽፉ ሰነበቱ። ቤቷ የነደደባት አንዲት እናት የተጻፈላትን አስነብባ ካዳመጠች በኋላ «ይቺ ስሟ የረዘመው እኔን ታውቀኛለች?» ብላ ጠየቀቻቸው። ጋሼ እንድሪስ ዝቅ ባለ ድምፅ «እንድታውቅዎት ነው በሙሉ ስሟ የምጠራት። አቤት የሚባልበት ደጅ በሙሉ ስሙ ይጠራል» አሏት። የዚያን ቀን ምሳቸውን አልበሉም።

ከሁሉ በላይ ግን ልነግራችሁ የምፈልገው እኛ ቤት ያደረጉትን ነው። ወንድሜ ደረጀ በመስኖ ውሃ ተራ በተነሣ ጠብ የሐጂ ሁሴንን ልጅ ገፍቶ ጣለው፤ ልጁ ራሱን ድንጋይ መታውና ሞተ። ወንድሜ ተፈርዶበት ታሰረ። የሚፈታበት ጊዜ ሲቃረብ የሟች ወንድም አሕመድ «መንግሥት ቢለቀው እኔ አልለቀውም» ማለቱ ተሰማ። እናቴ ልጇ እንዲፈታ ትጸልይ ወይም እንዳይፈታ ትጸልይ ግራ ገባት። ጋሼ እንድሪስ ይህን ሲሰሙ ከቄሱም ከሼሁም ጋር እየዞሩ ሐጂን ለመኑ፤ ሐጂም በስንት ምልጃ ለእርቅ ሊቀመጡ ፈቀዱ።

ከሮቢ ወንዝ ዳር፣ ከማንጎው ሥር ተቀመጥን። አባቴ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ ከሐጂ እግር ሥር ተንበረከከ። ጋሼ እንድሪስ ተነሥተው ያዘጋጁትን የእርቅ ውል በዚያ በፍርድ ቤት ድምፃቸው ማንበብ ጀመሩ፤ «በኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ፣ በአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት…» ሐጂ ሁሴን ከመቀመጫቸው ተነሡ።

«ይኸን ስም አውቀዋለሁ» አሉ። «የልጄ የሬሳ ምርመራ በሱ ተጀምሮ ነው የተነበበልኝ። ፍርዱም በሱ ነው የተጀመረው። እኔ ዛሬ የመጣሁት ከሰው ዘንድ መስሎኝ ነበር። ፍርድ ቤት ከሆነማ ደሜን አልተውም።» ብለው ከዘራቸውን አነሡ። አሕመድም ከኋላቸው ተነሣ። አባቴ ድንጋዩን እንደተሸከመ ተንበርክኮ ቀረ። ሁሉ ነገር እዚያ ላይ ያለቀ መሰለኝ፤ ፈራሁ።

ጋሼ እንድሪስ አልተከራከሩም። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «ሐጂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እጄ ለምዶብኝ ነው» አሉና መዳፎቻቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። «ያ ረቢ፣ ይችን ኢትዮጵያን አማን አድርግልን። የሟችም እናት እሷ ናት፤ የገዳይም እናት እሷ ናት። የሁለቱንም ዕንባ አብስላት።» ሼሁም ቄሱም እጃቸውን ዘረጉ። በይፋት ዱዓ ተረግጦ አይኬድም፤ እጅ ከተዘረጋ የተቆጣም ሰው ቢሆን ባለበት ይቆማል። ሐጂ ሁሴን ከዘራቸውን ለአሕመድ አቀብለው መዳፋቸውን ዘረጉ። ዱዓው ረዘመ። መጀመሪያ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ኋላ «አሚን» ሲሉ ተሰማን፤ ከዚያ ዕንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ። ሲያበቃ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን ከአባቴ ትከሻ በገዛ እጃቸው አወረዱት።

ውሉ በኋላ ራስጌው ሳይጎድል ተጽፎ፣ ሐጂም ፈርመውበት መዝገብ ቤት ገባ፤ ደረጀም ጊዜውን ጨርሶ ተፈታ። ያን ቀን ግን ወደ ከተማ ስንመለስ ጋሼ እንድሪስ መንገድ ላይ ቆም ብለው «ልጄ፣ ሙሉ ስሟ መብት ሲጠየቅ ነው፤ አጭር ስሟ ምሕረት ሲለመን ነው። ይኸን ሳላውቅ አርጅቼ ነበር» አሉኝ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ ከተማው ሁሉ ጠቢብ እያላቸው፣ ገና የሚማሩ ሰው ነበሩ። እኔ በሕይወቴ ካየሁት ትልቅነት ይህን የሚያህል የለም።

ጋሼ እንድሪስ፣ ጀናዛዎን ከፊት የተሸከሙት ደረጀና አሕመድ ናቸው። ጎን ለጎን፣ እርምጃቸውን እያስተካከሉ ሄዱ። ሐጂ ሁሴን ከመቃብርዎ ራስ ቆመው ዱዓ አደረጉ፤ ለእርስዎ ለመኑ፣ ለአገርም ለመኑ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም በየአፉ አሜን አለ። እናቴ ጉልበቷ አልችል ብሏት ከቤት ቀርታለች። እንዲህ በይልኝ ብላ ልካኛለች፦ «አንቱ እንድሪስ፣ ልጄ ውሃ ሊያጠጣ ሲወጣ ደጅ ቆሜ አልጠብቀውም። እንቅልፌን እተኛለሁ።» ይኸው አድርሻለሁ። እርስዎም በሰላም ይረፉ።