ያላፈረስኩት ግድብ

አርሊንግተን ስማር፣ የነዳጅ ዋጋ ጣሪያ በነካበት ዓመት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከፎርት ወርዝ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የከብት እርባታ እሠራ ነበር። ባለቤቲቱ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ነበሩ። ላሞቹ የጅረቱን ዳር ግጠውና ረግጠው ስላራቆቱት፣ በሽቦ አጥረን ከዓመት በላይ ከለከልናቸው። ሣሩና የአኻያው ቡቃያ ሲያገግም ቢቨሮች መጡ፤ ዛፍ በጥርሳቸው እየቆረጡ ውኃ የሚገድቡ እንስሳት ናቸው። ጅረቱንም ገደቡት።

«ግጦሼን ሊያጥለቀልቁብኝ ነው፤ ሄደሽ ግድቡን አፍርሺው» አሉኝ አሮጊቷ።

ዶማ ይዤ ወረድኩ። ከግድቡ በላይ ውኃው ረግቶ የዳክዬ ጫጩቶች ይዋኙበት ነበር። ሁለት እንጨት ብቻ ነቅዬ ተመለስኩና «አፍርሼዋለሁ» አልኳቸው። ሳምንቱን ሙሉ ውሸቱ ከነከነኝ።

ነሐሴ ላይ ዝናብ ጠፋ። የጎረቤት ጅረት ሲደርቅ የእኛ ግን ከግድቡ በላይ ውኃ ነበረው። አሮጊቷ ፒክአፓቸውን ነድተው ወረዱና ብዙ ቆመው አዩት።

«አላፈረስሽውም ማለት ነው።»

«አላፈረስኩም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ሁለተኛ እንዳትዋሺኝ» አሉ። ቀጥለውም ላሞቹ በአንድ በኩል ብቻ ገብተው እንዲጠጡ አጥሩን እንድከፍት አዘዙኝ። ፀሐይ እስክትጠልቅ አብረን የመግቢያውን ችካል ስንተክል ዋልን።