የአሪየት ጣሳ

የበጋ ፀሐይ ሰነጣጥቃ ያደረቀችው ጭቃ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያርፍበት የሚያወጣው ሽታ፣ ዛሬም ጋምቤላ ውስጥ በር ዘግቼ ከተቀመጥሁበት ድረስ ይመጣል። ሌላው ሰው ሽታው ሲደርሰው ሙቀቱ ሊቀንስ ነው ብሎ ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን የያዝሁትን አስቀምጬ፣ ወደ በረንዳ ወጥቼ፣ ወዲያና ወዲህ እያልሁ መንገዱን አያለሁ። በልጅነቴ ይህ ሽታ ሲመጣ ወደ ጎግ የሚወስደው መንገድ በውኃ ሊዘጋ መሆኑን፣ የሚሄድ ሰው ካለም ያን ሰሞን መሄድ እንዳለበት እናውቅ ነበር።

ዘመኑ የጃንሆይ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነበር። አባቴ አቶ ወርቁ ከደጋ ተዛውረው የመጡ የጉምሩክ ጸሐፊ ነበሩ። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ፣ ከሱዳን የሚመጣው መርከብ ወደቡ ላይ ሲቆም፣ ጭነቱን አስፈትተው በዓይናቸው ሳያዩ ማኅተም አያሳርፉም ነበር። ነጋዴዎቹ «አቶ ወርቁ ጨው መሆኑን ለማመን ጆንያውን ይቀምሳሉ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፤ እርሳቸውም ቀልዱን እንደ ሹመት ይቆጥሩት ነበር።

አሪየት ወደ ቤታችን የመጣችው ከጎግ ነው። የአኙዋክ ልጅ ናት። አባቷ ወደቡ ላይ የጀልባ ሠራተኛ ሳለ ከአባቴ ጋር ተዋውቆ ነበርና፣ በመንደራቸው ትምህርት ቤት ስላልነበረ ልጁን አደራ ብሎ ሰጣቸው። ለእናቴ ውኃ እየቀዳች፣ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል እያደረች፣ በትምህርት ቤትም በአንድ ዴስክ እየተቀመጥን፣ በአንድ ፋኖስ እያጠናን እንኖር ነበር። ድሬሰር ሆና መርፌ መውጋት ትፈልግ ነበርና፣ በሸምበቆ ስንጣሪ ክንዴን እየወጋች «አይዞሽ ብርቄ፣ አለቀ» ትለኝ ነበር። ምግብ ሲቀርብ ግን እኛ ትሪውን ስንከብ፣ ለእርሷ በቲማቲም ጣሳ ተደርጎ ይሰጣት ነበር። ጣሳው ጓሮ ካለው የኒም ዛፍ ላይ በተመታ ሚስማር ተንጠልጥሎ ይውላል፣ ከእኛም ዕቃ ጋር አይታጠብም ነበር።

ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው አባቴ የመሥሪያ ቤት ደንብ እንደሚያስረዱ ሁሉ ረጋ ብለው ነገሩኝ። «ንቀት አይደለም ልጄ። እነርሱ በጋውን ጭቃ ውስጥ የሚተኛውን ዓሣ ይበላሉ። ከውኃ ፍጥረት የሚበላው መዋኛ ክንፍና ቅርፊት ያለው ነው፤ ያ ዓሣ ሁለቱም የለውም። ሕግ ነው።»

በዚያ በጋ፣ ሙቀቱ ሰውን ከቤት እያስወጣ ዛፍ ሥር በሚያስቀምጥበት ወራት፣ አሪየት ጣሳውን ከሚስማሩ አውርዳ እናቴ ፊት አስቀመጠችው።

«እትዬ፣ ውሻው በጣሳ ይበላል። እኔም በጣሳ። እኔ ምንድን ነኝ?»

«በስመ አብ! ምን ዓይነት ንግግር ነው?» አለች እናቴ፤ ወደ አባቴም ተመለከተች።

አሪየትም ወደ እርሳቸው ዞረች። «ጋሼ፣ በአንድ ትሪ ካልሆነ፣ መንገዱ ሳይዘጋ ወደ አባቴ እሄዳለሁ።»

«ሕጉን እኔ አልጻፍሁትም» አሉ አባቴ።

መሄድ ማለት ትምህርቱ ማብቃት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፌ ተረበሸ፤ ደመና ባየሁ ቁጥር ወደ መንገዱ እመለከት፣ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ጥቂት እፎይ እል ነበር።

ሳይንስ ያስተምረን የነበረው ቲቸር ሰሎሞን ለአገልግሎት ከአዲስ አበባ የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በአካባቢያችን የሚኖር ማንኛውንም እንስሳ ይዘን እንድንመጣ ሲያዘን፣ እኛ አንበጣና እንሽላሊት ይዘን ስንሄድ፣ አሪየት ወደ ደረቀው ኩሬ ወርዳ፣ በጭቃው ላይ ጣት የምታህል ቀዳዳ ፈልጋ፣ ዙሪያውን በመቆፈሪያ ፈልፍላ፣ አንድ ትልቅ የደረቀ ጓል በራሷ ተሸክማ መጣች። ቲቸር ጓሉን ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ ሲያስቀምጠው ጭቃው እየሟሟ ሄደ፣ ከውስጡም እንደ እባብ የረዘመ ዓሣ ተነቃንቆ ወጥቶ፣ አፉን ከውኃው በላይ አድርጎ፣ ድምፁ እየተሰማ ትንፋሽ ሳበ። ክፍሉ በሙሉ ዴስክ ላይ ወጣ።

«ይህ ዓሣ ሳንባ አለው» አለ ቲቸር ሰሎሞን፣ ፊቱ እየበራ። በእግር የሚሄድ ፍጥረት ሁሉ፣ ሰውም ጭምር፣ በብዙ ዘመን ለውጥ እንዲህ ካሉ የውኃ ፍጥረታት እንደመጣ ሳይንስ እንደሚያስተምር አስረዳን።

የፖሊሱ ልጅ ግርማ ከኋላ ጮኸ። «ቲቸር፣ እኛ ከአዳም ነን! ከዓሣው የመጡት እነ አሪየት ናቸው፣ ለዚህ ነው የት እንደተኛ ያወቀችው!»

ሳቁ ጣሪያውን አነቃነቀው። አሪየት ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀችና «ዓሣው በጋውን ሙሉ አፉን ዘግቶ ይተኛል። አንተ እስቲ አንድ ቀን ዝጋ» አለችው። ከዚያ በኋላ የሳቁት በግርማ ነበር።

ቲቸር በጣም ተቆጥቶ፣ የሰው ልጅ ሁሉ አንድ ቅርንጫፍ መሆኑን፣ ከማንም ይልቅ ለአውሬ የሚቀርብ ዘር እንደሌለ ነገረን፤ እኔም ደስታዬ ወሰን አጣ። ንግግሩን ጨርሶ ግን ዝልግልግ የነካውን እጁን ዘርግቶ «አሪየት፣ ውኃ አምጪልኝ» አለ። ለቲቸር ሰሎሞን ውኃ የምትቀዳው፣ ሰሌዳውንም የምታጸዳው ሁልጊዜ አሪየት ነበረች።

ወሬው ወደቡ ጋ ለመድረስ አልዘገየም። ከቀትር በኋላ አባቴ ጃንጥላቸውን ይዘው ከክፍላችን በር ደረሱ።

«መምህር፣ እግዚአብሔር በአምሳሉ የፈጠረውን ሰው ከጭቃ ዓሣ ተወለደ ትላለህ?»

«ጋሽ ወርቁ፣ መጽሐፉስ ከጭቃ አይደል የሚለው?»

«ከአፈር!» አሉ አባቴ፣ እርማቱን ሳይሰጡ ማለፍ አይችሉምና። «ከምድር አፈር ነው የሚለው።»

ሁለቱ ሲከራከሩ አሪየት ከጥበቃው ምድጃ አመድና ቢላዋ አምጥታ፣ ዓሣውን በአመድ ይዛ ከሳፋው አወጣችው። «ጋሼ፣ እርስዎ ጭነት ሳያዩ አይፈርሙም» አለች። ዝልግልጉን በአመዱ ጠርጋ፣ ጎኑን በቢላዋ ወደ ላይ ፋቅ አደረገችው፤ ስለቱ ላይ ቀጫጭን፣ ብርሃን የሚያሳልፉ ነገሮች ተለጥፈው ቀሩ። አባቴ መነጽራቸውን አደረጉ። አንዱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ አኑረው ወደ መስኮቱ አቀረቡት። ከዚያም ከዓሣው ጎን የተንጠለጠሉትን እንደ ክር የቀጠኑ ነገሮች አሳይተው «እነዚህስ?» ሲሉ፣ መልሳ ውኃ ውስጥ ጨመረችውና ክሮቹ ሲቀዝፉ እስኪያዩ ጠበቀች።

«ቅርፊት ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ትክክለኛ ጭነት ሲያሳልፉ በሚናገሩበት ድምፅ። «ይህም ቢቀጥንም ክንፍ ነው።»

በዚያ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ሲቀርብ፣ አሪየት እጇን ታጥባ ከትሪው አጠገብ ከእኔ ጎን ተቀመጠች። እናቴ እንጀራውን እንደያዘች አባቴን አየቻቸው።

አባቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የዓሣው ነገር ተፈትቷል። ልጅቷ ግን አልተጠመቀችም።»

«ብጠመቅስ፣ ጋሼ?»

«ያን ጊዜ… ይታያል።»

እናቴ ወደ ጓሮ ወጣች፤ የጣሳው ሽቦ ከሚስማሩ ሲላቀቅ ተሰማ። አሪየት ፈገግ አለች፤ እንደዚያ ያለ ፈገግታ በሕፃን ፊት ላይ ከዚያ በኋላ አላየሁም። «ዓሣ ቆፍሬ አሳየሁ» አለች። «አሁን ደግሞ ምን ልቆፍር?»

የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል፣ የጭቃው ሽታ ቤቱን ሲሞላው፣ አጎቷ መጥቶ ወሰዳት። እኔ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ተከትዬ ስመለስ አባቴ ጓሮ ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ሥር ቆመው አገኘኋቸው፤ ጣሳውን እያዩ ነበር፣ አልነኩትም። ማታ «ልጅቷ ቸኮለች» አሉ፤ ግን ምግባቸውን አልጨረሱም። ከዚያ ወዲያ ጣሳው ዝገት በልቶት እስኪወድቅ ድረስ ከሚስማሩ ያወረደው አልነበረም።

እኔም በጊዜዬ የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ፣ እስከ ጡረታ አገልግያለሁ። አንድ ነገር በልበ ሙሉነት እናገራለሁ፤ ከጠረጴዛዬ ፊት ለቆመ ባለጉዳይ የሚጎድለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ነግሬዋለሁ እንጂ፣ አንዱን ሲያሟላ ሌላ ጨምሬበት አላውቅም፤ «ይታያል» የሚለውን ቃልም አልተጠቀምሁበትም። ከጎግ የሚመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስለ እርሷ እጠይቃለሁ። አሪየት የሚባሉ ብዙ አሉ፤ የእኔዋን ግን አላገኘኋትም።

ጾሜን ዛሬም እጾማለሁ። ያን ጊዜ አባቴን ጃንጥላ አስይዞ ያስሮጠው ትምህርት ዛሬ በልጅ ልጆቼ መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ለፈተና ይሸመድዱታል፣ የሚደነግጥም የለም። የምኖረው ከልጄ ጋር ነው፤ ልጄ ነርስ ናት። የቤት ሠራተኛችን የተጠመቀች፣ ማተብ ያሰረች፣ ጾም የማትሽር ልጅ ናት፤ ሆኖም ለብቻዋ የምትበላበት ሰማያዊ የፕላስቲክ ሳህን ከመደርደሪያው ታች ተቀምጦ አገኘሁ። ለምን እንደሆነ ልጄን ጠየቅኋት።

«ንቀት አይደለም እማዬ» አለችኝ፣ ረጋ ብላ። «ለጤና ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ በሰማያዊው ሳህን የምበላው እኔ ነኝ። ልጄ ትቆጣለች፤ ሠራተኛዋም ታፍራለች። ከትሪው አጠገብ ቦታ ለቅቄላት፣ መጥታ ትቀመጥ እንደሆነ በየምሳው በጎን አያታለሁ። እስካሁን ግን ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ እኛ እስክንጨርስ ትጠብቃለች።