በውርጭ ያደረችው ብልቃጥ

ልጄ ሐናን በየቀኑ መወጋቱ ቀርቶላት ወደ ኢንሱሊን ፓምፕ የተዛወረችው በዚህ ሳምንት ነው። ትናንት ሮቤ ባለው ቤታችን፣ ሐኪሟ እንዳሳየችን አድርገን ፓምፑን ስንሞላ ከብልቃጡ ጠብ ያለችው ኢንሱሊን እጄ ላይ አረፈች፤ ያ አዲስ ፕላስተር አዲስ ፕላስተር የሚለው ሽታዋ ሲመጣብኝ ልቤ ያደግኩበት ጎባ፣ እናቴ ጓዳ ገባ። ሐናን ፓምፑን ቀበቶዋ ላይ ስታንጠለጥል ደግሞ የአባቴ እህት አዳዳ ከድጃ አይተው፣ «ያ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ሸፍኚው እንጂ! ነገ ማን ያገባሻል?» አሏት።

ሸፍኚው! ይህችን ቃል እኔ አውቃታለሁ። እህቴን ሙናን የቀበረችው እሷ ናት።

ሙና ታላቄ ነበረች። ስኳር የያዛት ገና ተማሪ ሳለች ሲሆን፣ እቤታችን ግን ስኳር የሚባል ነገር ለሻይ ካልሆነ በቀር በስሙ አይነሳም ነበር። እናቴ በር ዘግታ፣ መጋረጃ ጋርዳ ትወጋታለች፤ እኔ ደግሞ ደጃፍ ቆሜ ጎረቤት ብቅ ሲል ጮክ ብዬ እንድዘፍን ተመድቤያለሁ፤ ድምፄም እንዴት ያለ አስቀያሚ መሰላችሁ፣ የሰፈሩ ሰው ይህችን ልጅ በየማለዳው ምን ነክቷት ነው የምትጮኸው ይል ነበር። ሙና መርፌው እየገባ እንኳ በዘፈኔ ትስቃለች። ብልቃጧ፣ ፍሪጅ ስለሌለን፣ እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ነበር የምትቀመጠው፤ ሐኪም ቤት ቀዝቃዛ ቦታ አኑሩት ስላሉን እናቴ «ለብርድማ ጎባን ማን ይቀድመዋል!» እያለች ትኩራራ ነበር።

አንድ ዓመት፣ ገብስ ከታጨደ በኋላ፣ ሙናን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ከብድሬ መጡ። መንገዱ ሩቅ ነውና እኛው ጋ ማደራቸው ነው፤ ፍራሽ የተነጠፈላቸውም ያ ማሰሮ ያለበት ክፍል ሆነ። ያኔም «ሸፍኑት» ያሉት አዳዳ ከድጃ ናቸው። እናቴ ብልቃጧን በጨርቅ ጠቅልላ ጓሮ፣ የውሃው በርሜል ክዳን ላይ አሳደረቻት፤ እንዲያውም ብርዱ ይበጃታል ብላ። ለካ የዚያን ዕለት ውርጭ ይወርድ ኖሯል። ጠዋት የብልቃጧ ሆድ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ፤ እናቴ ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ አሟሟቻት። መልኳ ያው፣ ሽታዋም ያው ስለሆነ በዚያው ትወጋት ጀመር። ኢንሱሊን አንዴ በረዶ ከሆነ ጉልበት እንደማይኖረው ማን ይንገራት? ሐኪም ቤት ሄዳ እንዳትጠይቅ ሰው ያያታላ! ሙና ውሃ ብትጠጣ ብትጠጣ አልረካ አለች፣ አስመለሳት፣ ትንፋሿ ተለወጠ። ሰው አየን አላየን ሲባል ቆይቶ ሆስፒታል ስትደርስ ራሷን አታውቅም ነበር፤ በዚያው ቀረች። ለቅሶ ለመጣው ሰው ደግሞ «ወባ ነው» ተባለ። ጎባ ላይ ወባ! በዚያ ብርድ! ሞታም ሸፈኗት እኮ!

እናቴን አልቀየማትም፤ አላህ ይዘንላት፣ እስክትሞት ድረስ ያንን ክዳን በእጇ አልነካችም። እኔን የሚያንገበግበኝ፣ ሰው ከተቀበረ በኋላም «ሸፍኑት» የሚሉት ቃል ቤት ለቤት በጤናው መዞሩ ነው።

ትናንት ታዲያ ትልቅ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ የማላውቀው ሴትዮ ጮህኩ። «አዳዳ፣ ይበቃል! ሸፍኑት ብለው አንዷን አስበልተውኛል። ይህችን አልሰጥም! የማያገባት ይቅር፣ ወላሂ ይቅር!»

አዳዳ ከድጃ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ሐናንን ሳያዩ፣ «ወባ አልነበረም» አሉ። ሙናን የወለደቻት እናቴ እንኳ ያንን ሳትል ነው አፈር የገባችው።

ሐናን ፓምፑን ከቀሚሷ በላይ እንዳንጠለጠለች ሱቅ ወጣች። ደጃፍ ቆሞ የሚዘፍንላት አላስፈለጋትም። ያንን አስቀያሚ ዘፈኔን ሰምቶ የሚስቅልኝ ሰው ግን የለኝም።