ከእንሰቱ ሥር የቀበርኩት ሳህን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርኩም፤ በየጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ጥቃቅኑን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህን እየዘለልኩ ኖሬአለሁ። ሚስቴም አታውቅም። አሁን የምጽፈው ኅሊናዬ ድንገት ስለነቃ እንዳይመስላችሁ። ስለፈራሁ ነው። የምፈራው ደግሞ ራሴን ነው።

ቦንጋ ላይ እንግሊዝኛ ሳስተምር ፀጉሬ ሸበተ። ሽማግሌ ሲፈለግ የምጠራው እኔ ነኝ፤ ለቅሶ ቤት ስገባ ወንበር ይለቀቅልኛል። የደግነቴ ምስክር ሆና ስሟ የሚነሳው ዘነበች ናት። «ያቺን ልጅ እንኳ ማን አስጠጋት?» ይባላል። እኔ ነኝ ያስጠጋኋት። ያጠፋኋትም እኔ ነኝ።

ዘነበች ከደካ ወዲያ ካለ መንደር የመጣች የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች። ማንጆ ናት። ይህ ቃል ሲነሳ የካፋ ሰው ሆዱ ውስጥ ምን እንደሚል ያውቃል፤ ለማያውቅ ግን ልንገር። ከጫካው ጋር የኖሩ፣ እያደኑና ከሰል እያከሰሉ ያደሩ ወገኖቻችን ናቸው። ድሮ ቤታችን አይገቡም ነበር። እህል የምንሰጣቸው ዕቃችንን እንዳይነኩ በእንሰት ቅጠል ላይ ነበር። ድሮ እላለሁ፤ ይህን «ድሮ» የሚል ቃል ስንቶቻችን ተሸሸግንበት? ልጅቷ በከተማው ቤት የሚያከራያት አጥታ ስትንከራተት የጓሮ ክፍሌን ሰጠኋት። ሰው ጉድ አለ። እኔም ጉድ መባሌን ወደድኩት።

አባቷ ጋሽ ገብሬ ሊያመሰግኑኝ የጫካ ማር ይዘው መጡ። እኔም መምህራን ጓደኞቼንና ጎረቤቶቼን ጠርቼ ምሳ አበላሁ። ቆጮውና ክትፎው ሲቀርብ ሽማግሌው በሩ አጠገብ ቁጢጥ ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ ቅጠል እየጠበቁ ነበር። እጃቸውን ይዤ አስነሳኋቸው፣ ከጎኔ አስቀመጥኳቸው፣ ከአንድ ሳህን አብረን በላን። ሰው ሁሉ እያየ አጎረስኳቸው። እንባቸው መጣ። እኔም አለቀስኩ። ያ እንባ ውሸት ነበር? እስካሁን አላወቅኩም። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

በማግስቱ ማለዳ፣ ጉሙ ገና ሳይገፈፍ፣ ሚስቴ አጥባ የደረደረችውን ያንን ሳህንና ሽማግሌው የጠጡበትን ብርጭቆ አወጣሁ። ማንም ጣል አላለኝም። ሚስቴ ተኝታለች። ከጓሮ እንሰቱ ሥር ቆፍሬ ቀበርኳቸው። ማሩንም አብሬ ደፋሁት። አፈሩን በእግሬ እየደለደልኩ ቀና ብል ዘነበች ውሃ መቅጃዋን ይዛ ቆማለች። ምን ያህል እንደቆየች አላውቅም። «እንደምን አደሩ ቲቸር» አለችኝና ወደ ክፍሏ ተመለሰች።

ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በግቢዬ ውስጥ የኔን ዕቃ ነክታ አታውቅም። ሚስቴ ሻይ ስትሰጣት አመስግና ጠጥቻለሁ ትላለች። ውሃ ሲጠማት የእንሰት ቅጠል ቆርሳ አጥፋ ትጠጣለች። ሚስቴ «ይቺ ልጅ ምን ነካት?» ስትለኝ «ባህላቸው ይሆናላ» አልኳት። እንዲህ አልኳት፤ እኔ።

ያኔ ነው ፍርሃት የገባኝ። አንድ ቃል ብትተነፍስ ምን ይተርፈኛል? አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ ነው ይሉኛል ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። በዚያው ሰሞን ክፍል ውስጥ አንድ የቆየ የባሕር ማዶ ታሪክ አስተምር ነበር፤ ከተማው ሁሉ የሚያከብረው ሰው በውስጡ ሌላ ክፉ ሰው ደብቆ ሲኖር። ከላይ የሚታየውና ውስጡ ያለው እንዴት እንደሚለያይ ሰሌዳው ላይ በሁለት ዓምድ ጽፌ በደንብ አብራራሁ። ዘነበች እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሰዎቹ የሚያከብሩት ግን የትኛውን ነው?» አለች።

የተማሪ ጥያቄ ነበር። ፊቷ ላይ ነገር አልነበረም፤ ዛሬ ሳስበው እርግጠኛ ነኝ። ያን ቀን ግን ሁለቱንም ዓምድ ከሰሌዳው አጠፋሁ። ልታጋልጠኝ ጀመረች አልኩ። እንድትሄድ ፈለግሁ፤ እኔ ሳላባርራት እንድትሄድ።

ጎረቤቶቼ ቧንቧው ሲጠፋ ከግቢዬ ጉድጓድ ነው የሚቀዱት። ልጅቷን ሳስገባት ጉድጓዱን እንደማትነካ፣ ሚስቴ እየቀዳች እንደምትሰጣት ቃል ገብቼላቸው ነበር። ለዘነበች ደግሞ «እኛ ቤት ልዩነት የለም፣ ራስሽ ቅጂ» ብያት ነበር። ሁለቱንም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሁለቱንም ስናገር ደስ ብሎኛል። እናም አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ለእትዬ አበበች፣ ለአጥር ጎረቤቴ፣ እያዘንኩ ሹክ አልኳት። «መቼም ልጅ ናት፣ ከጉድጓዱ ራሷ እየቀዳች ነው መሰለኝ፤ አደራ እንዳትቆጧት» አልኩ። እንደሚቆጧት አውቃለሁ። አደራ ያልኩት አደራው እንደማይጠበቅ ስለማውቅ ነው።

ማታውን ግቢዬ በጎረቤት ሞላ። ልጆቻችን ታመው የከረሙት በዚህ ነው ያለም ነበር። አስታርቀን ብለው ሽማግሌ ያደረጉት ማንን ይመስላችኋል? እኔን። በሐዘን ራሴን ነቀነቅሁ፣ ለመንኳቸው፣ ተቆጣኋቸው፣ በመጨረሻም ለልጅቷ ደህንነት ሲባል ወደ ቤተሰቧ ብትመለስ እንደሚሻል ተናገርኩ። ሁሉም ተስማማ። አንዱ መምህር «የምትችለውን ሁሉ አድርገሃል» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የአገር አቀፉ ፈተና ሊደርስ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት፤ ሰው ስለሚያይ ነው። ደብተሮቿን በሻሽ ቋጥራ ይዛለች። መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮቱ ጎንበስ ብላ በቀስታ ተናገረችኝ።

«አይፍሩ ቲቸር። ለማንም አልናገርም።»

ፈተናውን አልተፈተነችም። በክፍሉ አንደኛ የነበረች ልጅ ናት። እኔ በዚያው ዓመት ምስጉን መምህር ተብዬ ተሸለምኩ። ቃሏንም ጠበቀች። ከደካ በኩል የመጣ ሰው ባየሁ ቁጥር መንገድ ስቀይር ኖሬአለሁ፣ ግን አንድም ቀን ወሬው አልመጣም። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር? እንጃ። ዝምታዋ ግን አስፈራኝ፤ ምስጢሬን ከእኔ ሌላ የምታውቅ እሷ ብቻ ናትና።

በቅርቡ ለስልጠና ደካ ሄድኩ። ዘነበችን በገበያው ዳር ከሰል ስትሸጥ አገኘኋት። ትልቅ ሴት ሆናለች፤ አባቷ ሞተዋል። ይቅርታ ልጠይቃት ከልቤ ወሰንኩ። ከመጠየቄ በፊት ግን ዞር ብዬ ባልደረቦቼ ያዩኝ እንደሆነ ተመለከትኩ። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ። ይቅርታዬም ለሰው ዓይን ነበር። ይቅርታውን ትቼ ስለ ዝናቡ ጠየቅኳት።

እሷ ናት ጨዋታውን የቀጠለችው። ልጇ ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አልፋለች፤ ለዘጠነኛ ቦንጋ ልታስገባት ፈልጋለች። የጓሮ ክፍሌ እንዳለች ጠየቀችኝ። ደንግጬ እኔ ዘንድ መላክ ለምን እንደፈለገች ጠየቅኳት።

«ሌላ የሚያከራየን የለም። የእርስዎን ቤት ደግሞ አውቀዋለሁ» አለች።

እሺ አልኩ። በደስታ አልኩት። እግዜር ዕዳዬን የምከፍልበት መንገድ ሰጠኝ ብዬ በሚኒባሱ ውስጥ ቦንጋ እስክገባ እያለቀስኩ መጣሁ፤ ለልጅቷ አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ አምፖል እያሰብኩ። ከመኪና ወርጄ በገበያው በኩል አለፍኩና ዕቃ ገዝቼ ቤቴ ገባሁ። ሚስቴ ፌስታሉን ከፈተችው።

«ሳህን ሞልቶን የለም እንዴ? አንድ ሳህንና አንድ ብርጭቆ ለማን ነው?» አለችኝ።

እጄ ሲገዛ እኔ አላወቅሁም ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አትመኑኝ። ዋጋ ተከራክሬ ነው የገዛሁት። ሚስቴን ግን «ለእንግዳዋ ስጦታ ነው፣ የራሷ ነገር ይኑራት ብዬ» አልኳት፣ አንዴም ሳልደናቀፍ። እሷም «አንተ እኮ ሁሉን ታስባለህ» ብላ አጠበችና ለብቻ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤቴ ብቻዬን መሆን እፈራለሁ። ከእንሰቱ ሥር ያንን ጉድጓድ የቆፈረው ሰው ያረጀ መስሎኝ ነበር። አላረጀም። ደግ ነገር ሳስብ ነው የሚነሳው፤ በእንባዬ መሃል ነው የሚሠራው።

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅርታችሁን ባገኝ ምን እንደማደርገው አውቃለሁ፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ አወራዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፣ እናንተ የቦንጋ ሰዎች። ትምህርት ሊከፈት ነው፤ የዘነበች ልጅ ከደካ መኪና ትወርዳለች። ከእናንተ አንዱ ቀድሞኝ መናኸሪያ ይድረስ፣ ቤቱን ይክፈትላት፣ በራሱ ሳህን ያብላት። እኔ ፈገግ ብዬ ሻንጣዋን ልይዝ ቆሜ ብታገኙኝ፣ ልጅቷን አትስጡኝ።