የወቀጠች እጅ

የልጅ ልጄ ለጓደኛዋ ሠርግ እንሶስላ ስትወቅጥ፣ የእርጥቡ ሥር ሽታ ልጅነቴን አመጣብኝ።

ያኔ የምትዳረው እህቴ ነበረች። ሥሩን ቆፍሬ ያጠብሁት፣ በሙቀጫ ወቅጬ ያላምሁት እኔ ነኝ። አያቴ ግን ሁሉንም በእህቴ እጅና እግር ላይ ለጥፋ በጉሎ ቅጠል ጠቀለለችው።

«እምዬ፣ የወቀጠችውስ እጅ የላትም?» አልኋት።

«ዛሬ ሙሽራ እሷ ናት፤ የአንቺም ቀን ይደርሳል። እስከዚያ ምላስሽ ይበቃሻል!» አለችኝ። እህቴ በሳቅ ፈረሰች።

ሙቀጫውን ፍቄ ባገኘሁት ትንሿን ጣቴን ቀባሁ። በማግስቱ ቅጠሉ ሲፈታ የእህቴ መዳፍ እንደ ፍም ቀልቶ ነበር፤ የእኔ ጣት ግን የቆሸሸ ይመስል ነበር። ቅናቱ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

«እማማ፣ ሙሽራዋን ቀብቼ ስጨርስ የሚተርፈውን አንቺን እቀባሻለሁ» አለች የልጅ ልጄ።

«ትራፊ አልፈልግም» አልኋት። «ከሙሽራዋ በፊት ቅቢኝ።»