እትዬ ራህመት የወረዱበት ዳገት

ወልቂጤ መለዋወጫ ሱቅ ሥራ የገባሁ ዕለት አሠሪዬ ጋሽ ዘበርጋ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ካርቶን ውስጥ እንድከት አዘዙኝ።

«ምንድን ነው የያዝከው?»

«ብረት ነው፣ ጋሼ።»

«ብረት መሆኑንማ ደንበኛውም ያውቃል። የምን ብረት?»

ቀኑን ሙሉ ካንዴላ፣ የፒስተን ፋሻ፣ ሰንሰለት የሚያዞር የካቴና ጥርስ ስዳብስ ዋልኩ። እንቅልፍ ሲወስደኝም ጣቶቼ ጥርስ ይቆጥሩ ነበር።

በሱቁ ማዕረግ ነበረን። ጀማሪ ዕቃ ያወርዳል፤ ቀጥሎ መደርደሪያ ይጠብቃል፤ ከዚያ ሻጭ ይሆናል። ሻጭ «የለም» አይልም፤ «ከሱ የተሻለ አለ» ይላል። ይህን ቶሎ ተማርኩ። ጋሽ ዘበርጋ ሌላም ነገር ይሉ ነበር፦ «ለሞተሩ ጉልበት የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የት እንደሚሄድ ጠይቀው።» ይኸኛው እስኪገባኝ ዓመታት ፈጀ።

በኋላ ቡታጅራ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ሞተረኛ ሁሉ ሞተሩ እንዲበርለት ይፈልጋል፤ ወጣቶቹ ጭስ ማውጫውን፣ ማርሚታ ይገዛሉ። ማርሚታ ሲቀየር ድምፁ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ያው ነው።

«ፋዘር፣ ይሄ ነገር ያስፈነጥራል?» ይለኛል አንዱ።

«ጎረቤትህን ከእንቅልፉ ያስፈነጥረዋል።»

ይስቃል፤ ይገዛል። ፍጥነት ነው ብዬ አልሸጥኩም። ፍጥነት ነው ብለው ሲገዙም አልተከራከርኩም።

አንድ ቀን ሜዳ ላይ ካለችው ከቆሼ ከተማ ጋሽ ሸምሱ መጡ። ዕድሜያቸውን ወፍጮ ቤት ቆመው ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ከዱቄቱ ሲገላገሉ ሞተር ሳይክል ገዙ። ሐሳባቸው ሚስታቸውን እትዬ ራህመትን ከኋላ አስቀምጦ አገር ማየት ነው። ከቆሼ ቡታጅራ፣ ተራራውን ተሻግሮ ቸሃ፣ ከዚያ ወልቂጤ፣ ከወልቂጤ ቁልቁል ጊቤ።

«ጊቤ ምን ጉዳይ አለዎት?»

«ምንም። ውሃው ዳር ቁጭ ብለን እንመለሳለን።»

ጉዳይ የሌለው መንገደኛ ያን ቀን አየሁ። በነጋዴ ዓይን ሳያቸው ቆየሁና ትንሽ ቀናሁ።

ችግሩ ተራራው ነበር። አምና ሞተሩ አልወጣ ብሎ እትዬ ራህመት ሁለቴ ወርደው በእግራቸው አዝግመዋል። «ሦስተኛ ከወረድኩ ከቤቴ አልወጣም፤ ጊቤን አይተህ ትነግረኛለህ» ብለዋቸዋል። አሁን የያዙት ገንዘብ ደግሞ የሚስታቸው የጓሮ በርበሬ ነው። አንድ ነገር ይገዛል፤ ሁለት አይገዛም።

«የቱን ልውሰድ?» አሉኝ።

«ካርቦራተር። ከትልቅ ሞተር የወጣ ነው፤ ቤንዚን በደንብ ይሰጣል።»

«ዳገቱንስ?»

«ዳገቱ ራሱ ወደ እርስዎ ይመጣል።»

ሜዳ ላይ ሞክሬው በሮ ነበር። መደርደሪያዬ ላይ ከርሞ እንደነበር ግን አልነገርኳቸውም።

በሳምንቱ እትዬ ራህመት ሱቄ ገቡ። ጫማቸው ላይ ቀይ ጭቃ ደርቋል። ጋሽ ሸምሱ ሞተሩን እንደታመመ በግ ይዘው ደጅ ቀርተዋል።

«አሰላሙ አለይኩም። ጉልበት የሚሸጠው አንተ ነህ?»

«ወአለይኩም ሰላም። ይቀመጡ፣ እትዬ።»

«መቆም ለምጃለሁ። የሸጥከው ጉልበት ለእኔ ደረሰኝ፤ በእግሬ ወጣሁ።»

«ስንቴ ወረዱ?»

«አንዴ። ከዚያ ወዲያማ መች ተሳፈርኩ?»

የት እንደሚሄዱ ሰምቻለሁ፤ ሞተር ሁለት ሰው ጭኖ ያን ተራራ ሲወጣ ግን አንድ ቀን አይቼ አላውቅም። «ነገ በእርስዎ ቦታ ልቀመጥ» አልኳቸው።

በማግስቱ ሱቄን ዘግቼ ከጋሽ ሸምሱ ኋላ ተሳፈርኩ። ከመስቃን ማሳዎች ወጥተን ሽቅብ ስንጀምር ጉሙ ተቀበለን። የእንሰቱ ቅጠል ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይልና መልሶ ይጠፋል፤ የሚሄደው እኛ ሳንሆን መንገዱ ራሱ ይመስላል። እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ሞተሩ አሳለ፤ ጥቁር ጭስ ተፋና ቆመ።

ነገሩ ገባኝ። ተራራው ላይ አየሩ ስስ ነው። ትልቁ ካርቦራተር ግን ለቆሼ ሜዳ የሚያፈስሰውን ቤንዚን እዚያም ያፈስሳል፤ ሞተሩ ጠጥቶ ሰከረ።

ወርጄ ስገፋ፣ ጋሽ ሸምሱ ከወንበሩ ኋላ ያሠሩትን የዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶመጋላውን ልብ ብዬ አየሁት። ግራና ቀኝ መከላከያ አለው፤ ውፍረቱ የድልድይ ነው።

«የወፍጮ ቤት ብረት ነው፤ አይታጠፍም» አሉ በኩራት።

«ምን ሊጭኑበት ነው?»

ብረቱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ምንም። ይኑር ብዬ ነው።»

ቡታጅራ ተመልሰን ብረቱን ፈታነውና በርበሬ ተራ ወስደን ሚዛን ላይ አወጣነው። እዚያ የጠበቁን እትዬ ራህመት የሚዛኑን መርፌ አዩ፤ ባላቸውን አዩ።

«ሸምሱ፣ እኔን አውርደህ ብረት አሳፈርክ?»

«ብረቱ አያማርርም» አሉ እሳቸው ቀስ ብለው።

በርበሬ ተራው በሳቅና በማስነጠስ ታመሰ።

ካርቦራተሩን ወሰድኩ፤ የድሮውን አጥቤ መለስኩ። የአየር ማጣሪያው፣ ፊልትሮው ውስጥ የቆሼ አቧራ ሞልቶ ስለነበር እሱንም አጠብኩ። የኋላውን የካቴና ጥርስ ብዙ ጥርስ ባለው ቀየርኩ፤ ከመደርደሪያዬ ርካሹ ዕቃ ነው።

«ዳገት ላይ ይጎትታል፤ ሜዳ ላይ ግን ፍጥነቱ ይቀንሳል» አልኳቸው።

«ማን አስቸኮለኝ?» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

የተረፈውን የበርበሬ ገንዘብ ለእትዬ ራህመት መለስኩ። ተቀበሉና ለባላቸው ሰጡ። «ለጊቤ ቤንዚን» አሉ። «ሦስተኛው መውረድ የብረቱ እንጂ የእኔ አይደለም፤ አይቆጠርም።»

በሄዱበት ዕለት ቀድሜ በሚኒባስ ወጥቼ ተራራው ጫፍ ላይ ጠበቅኳቸው። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ ድምፁ መጣ፤ ዝግ ያለ፣ የማይቆራረጥ። ከዚያ ሁለት ሰው በአንድ ሞተር። የእትዬ ራህመት ሁለት እግሮች መርገጫው ላይ ነበሩ። አልቆሙም። ወደ ቸሃ ቁልቁል ሲወርዱ ድምፁ እንሰቱ ውስጥ ገባ፤ ሞተሩን ከነፋሱ መለየት እስኪያቅተኝ ቆምኩ።

መለዋወጫ የምትሸጡ ሁሉ፣ ኪሱ ለቀለለ ደንበኛ መጀመሪያ ከሞተሩ ላይ የሚነሳ ነገር ካለ አንሱለት። ቀጥሎ ፊልትሮውን እጠቡ። ከዚያ የኋላውን ጥርስ ቀይሩ። ካርቦራተር መጨረሻ ነው። ያ ትልቁ አሁንም መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ የሚፈልገው ሲመጣ የት እንደሚሄድ እጠይቀዋለሁ።